ከዓሣ መረብና ከአባያ የሠራነው ሳሎን

የዓሣ መረብ ሽታ ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ሠርግ ነው። ብትስቁም ሳቁ። ባለፈው ሰሞን ቤተሰቦቼን ልጠይቅ ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ወርጄ በውሃው ዳር ሳልፍ፣ አጥር ላይ የተሰጣ እርጥብ መረብ ሸተተኝና ባለሁበት ቀጥ አልኩ። አብራኝ የነበረችው የሥራ ባልደረባዬ አፍንጫዋን ይዛ ክንዴን ስትጎትተኝ፣ እኔ ጭራሽ ጠጋ ብዬ ወደ ውስጥ ሳብኩት። «ምን ነካሽ?» አለችኝ። ምን እንደነካኝ መንገድ ላይ ቆሞ የሚነገር አልነበረም። ቤት ደርሰን ነው የነገርኳት፤ ለእናንተም እንደዚያው ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እህቴ ዘሀራ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። አገሩ ሁሉ ስለ ለውጥ በሚያወራበት፣ ሻይ ቤቱም ባጃጁም ሬዲዮ ከፍቶ በሚውልበት ጊዜ እሷ ጂዳ የሰው ቤት ታጸዳ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ የላከችው ሁሉ እኛ ሳሎን ገባ። መጅሊስ አስገዛች፤ ያ ግድግዳውን ተከትሎ ወለል ላይ የሚዘረጋው፣ መደገፊያ ያለው የዐረብ አገር መቀመጫ። ቀይ ነበር፣ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ጥልፍ ያለው። ምንጣፍ፣ እስከ መሬት የሚወርድ መጋረጃ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ። ለዒድ የሚመጣ እንግዳ ጫማውን አውልቆ ሲገባ «ማሻ አላህ» ሳይል አይቀመጥም። እኔማ ያን ሳሎን እንደ ራሴ ጉብዝና ነበር የምቆጥረው። ትምህርት ቤት ከማን ጋር ብጣላ መልሴ «የኛን ቤት አይተሽዋል?» ነበር። ዘሀራ ከጂዳ የተመለሰች ቀን መጅሊሱን ከዳር እስከ ዳር በእጇ እየዳሰሰች ዞረች። የተቀዳላት ሻይ እስኪቀዘቅዝ አልተቀመጠችም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወደ ከተማችን ሲጠጋ አምባሰል ተራራ ሥር ወዳሉት የአባቴ ዘመዶች በእግራችን ሸሸን። የያዝነው የለበስነውን ልብስና ትንሽ በሶ ነው። ዘሀራ ብቻ ከጂዳ ያመጣቻትን ሻንጣ አልለቅም አለች፤ አባቴ እየተቆጣም ቢሆን ተሸከመላት። እዚያ እስላሙም ክርስቲያኑም ያለችውን እያካፈለን ከወር በላይ ቆየን። ስንመለስ የቤታችን በር ተገንጥሎ ግቢው ውስጥ ተጋድሟል። ሳሎኑ ባዶ ነው። ባዶ ስላችሁ፣ የመጋረጃው ብረት እንኳን የለም፤ አምፖሉን ከነማቀፊያው ነቅለውታል። ማን ወሰደው ለሚለው፣ ሰው ሁሉ የየራሱ መልስ ነበረው፤ እኔ አላየሁምና አልናገርም።

እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ «ነፍሳችንን አትርፎልናል፣ አልሀምዱሊላህ» ትላለች። ዘሀራ አላለቀሰችም። ደፉ ላይ እንደቆመች «አራት ዓመቴን ጭነው ሄዱ» አለችና ዞራ ማጀት ገባች። ከዚያ ቀን ወዲያ ሳሎን መግባት ተወች። መብሏም ማጀት፣ ሶላቷም ማጀት፣ መኝታዋም ማጀት ሆነ። 

ከጦርነቱ በፊት ሰይድ የሚባል የውጫሌ ልጅ ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሎ ነበር። ነገሩ ሲረጋጋ ደሴ የሚኖሩት አክስቱ እትዬ ረውዳ ስለ ጋብቻው ውል፣ ስለ ኒካሁ፣ ሊነጋገሩ መጡ። ደርባባ፣ ንግግራቸው የሚደመጥ ሴትዮ ናቸው። እናቴ የምታስቀምጥበት ብታጣ ባልዲ ገልብጣ ነጠላ አነጠፈችላቸው፤ እሳቸውም ምንም እንዳልመሰላቸው ሆነው ተቀመጡበት። ትንሽ አወሩና ወደ አባቴ ዞረው «እኔ ለእናንተው አስቤ ነው። ኒካሁ ደሴ እኔ ቤት ይታሰር። እዚህስ እንግዳው በምን ላይ ይቀመጣል?» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ግን በእኛ ዘንድ ልጅ የምትዳረው ከአባቷ ቤት ነው። ከሰው ቤት ወጥታ ያገባች እንደሆነ ነገሩ ዕድሜዋን ይከተላታል፤ ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ጎረቤት ሲያማ፣ የሚነሳው እሱ ነው። አባቴ ጺሙን ነካካ። ዘሀራ ከማጀት ሆና «ደሴ ይሁን፣ እዚህ ምን አለና» አለች።

ምን ቆርጦኝ እንደሆነ አላውቅም፣ «ኒካሁ እዚሁ ነው» አልኩ። ትልልቅ ሰዎች በሚነጋገሩበት መሀል። አባቴ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። እትዬ ረውዳ ግን ፈገግ ብለው «እሺ ሀያት፣ ሃያ ቀን አለሽ። እንግዳ የሚቀመጥበት ካገኘሽ እዚሁ ይሁን» አሉ። የሰጡኝ እንደ ቀልድ ነው፤ እኔ የተቀበልኩት እንደ ውል ነው። ማታ አባቴን «አባ፣ ቃላቸው ነው አይደል?» ስለው ቆየት ብሎ «ቃላቸው ነው» አለኝ። ሌላ የሚያጽናናኝ ነገር አልጨመረም።

ትምህርት ቤታችን ገና አልተከፈተም ነበርና ቀኑን ሙሉ የኔ ነው። ገንዘብ የለም፤ የተጣለ ዕቃ ግን ሞልቷል። ከተማው በሙሉ የቀረለትን እየጠረገ ደጁ ላይ ይከምራል፣ እኔ እለቅማለሁ። የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ጆንያ፣ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ፣ ካርቶን፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ያለቀ የባጃጅ ጎማ፣ ሁሉንም እየጎተትኩ ግቢያችን አስገባሁ። የሰፈሩ ልጆች ሲያዩኝ «ቁራሌው!» እያሉ ይከተሉኛል። እኔ ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ። እናቴ እንኳን አንድ ቀን «ሀዩ፣ ቤቱን ዘረፉት፤ አንቺ ደግሞ ግቢውን የቆሻሻ መጣያ አደረግሽው» ብላኛለች።

መጀመሪያ መጅሊሱ። ስንዴ የመጣበትን ጆንያ አጥቤ ጫፍ ለጫፍ ሰፋሁና የጤፍ ጭድ ጠቀጠቅኩበት። ጭዱን የሰጠኝ አባቴ ነው፤ ለተረፉለት ከብቶች ካስቀመጣት ላይ ቀንሶ፣ ምንም ሳይናገር ከበሩ ሥር ከምሮልኝ ወደ እርሻው ሄደ። ያኔ ነው ከኔ ጋር መሆኑን ያወቅኩት። የመጀመሪያውን ፍራሽ ጨርሼ ስቀመጥበት ግን ወገቤ ድረስ ሰመጥኩ። እናቴ ከሳቋ ብዛት ግድግዳ ተደገፈች። ከዚያ መጥታ «ጭድ እንዲህ አይጠቀጠቅም» ብላ በእግሯ ረገጠችው፣ ጨመረችበት፣ ደግማ ረገጠችው። ያን ቀን ሁለታችንም ጭድ በጭድ ሆነን ዋልን። ስናስነጥስ ዘሀራ ከማጀት «ይርሀሙኩሙላህ» ትለናለች እንጂ ብቅ አትልም።

መጋረጃው ግን አስቸገረኝ። ሳሎናችን ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች አሉት፤ ጨርቅ ደግሞ የለም። ጎረቤታችን ጋሽ ታደገ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ጓሯቸው ውስጥ የተበጣጠሰ መረብ ተከምሮ ሳየው ነገሩ ብልጭ አለልኝ። «ጋሽዬ፣ ይቺን ስጡኝ» አልኳቸው። «ዓሣ ልታጠምጂ ነው?» «አይ፣ መጋረጃ ልሠራበት» ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ውሰጂው፣ አንቺ ልጅ ደህና አይደለሽም» ብለው እስከ ግቢያችን ድረስ ራሳቸው ተሸክመው አመጡልኝ። የፕላስቲኮቹን ቂጥ በምላጭ ቆርጬ አወጣሁ፤ ገልብጣችሁ ካያችሁት አበባ ነው፣ አምስት ቅጠል ያለው። በጋለ ሚስማር በስቼ ከመረቡ ጋር በሲባጎ አሰርኩት። ጣቴ ላይ ያላቃጠልኩት ቦታ አልቀረም። መስኮቱ ላይ ሰቅዬው የጠዋት ፀሐይ ሲገባ አበባዎቹ ግድግዳው ላይ ብርሃን በተኑ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ደስታዬ የቆየችው እስከ ከሰዓት ነው። ሙቀቱ ሲበረታ መረቡ የዘመናት ዓሣውን መተንፈስ ጀመረ። ከዚያ ድመት መጣ። አንድ ድመት ቢሆን ጥሩ፤ የሐይቅ ድመት በሙሉ ነው የመጣው። አንዱ መስኮት ላይ፣ ሁለቱ ፍራሹ ላይ፣ አንዱ ወፍራም ቢጫ ድመት ደግሞ መጋረጃው ላይ ወጥቶ ተንጠልጥሎ አበባዬን ይልሳል። በመጥረጊያ ሳባርራቸው በበር ወጥተው በመስኮት ይገባሉ። የኒካሁ እንግዶች በድመት ተከበው ታዩኝና ወሽመጤ ተቆረጠ። የሐይቅ ልጅ ሆኜ የዓሣ መረብ ማጠብ እንዳለብኝ እንዴት ጠፋኝ? በቃ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስላሸተትኩት ሽታ መሆኑ ራሱ ተረስቶኝ ነበር።

በሳሙና አጠብኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ ድመቶቹ ንቅንቅ የለም። ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ያገኙኝ ጋሽ ታደገ ናቸው። «እንዶድ ነው የሚያስለቅቀው» አሉኝ። እንዶዱን ለመቀጥቀጥ ወደ ሐይቁ ልወርድ ስነሳ ግን ክንዴን ያዙኝ። «በገንዳ እጠቢ። ሐይቁ ውስጥ እንዳታስገቢው፣ ዓሣዬን ትፈጂብኛለሽ» አሉ። ፍሬውን ራሳቸው ወቅጠው ሰጡኝ። ሦስት ቀን በገንዳ ዘፈዘፍኩ፣ ጠዋት ማታ ረገጥኩ፣ አጥር ላይ አሰጣሁ። በአራተኛው ቀን ከቢጫው ድመት በስተቀር ሁሉም ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። እሱን ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ተውኩት።

አምስት ቀን ሲቀረን የመጨረሻው ችግር መጣ። ፍራሾቹ አልቀዋል፣ መደገፊያዎቹ አልቀዋል፤ ግን ላያቸው ጆንያ ነው። ትልልቅ ፊደል የተጻፈበት የእርዳታ ጆንያ። እሱ ላይ እንግዳ አስቀምጦ ኒካህ ማሰር ከባልዲው ይብሳል። እናቴ ጎረቤት ዞራ የተረፈ አንሶላ ጠየቀች፤ የማን ቤት ተርፎ? ካርቶን ልለጥፍበት ሞከርኩ፣ ተቀደደ። ወለሉ ላይ ጆንያ ታቅፌ ተቀመጥኩ። «ደሴ ነው እንግዲህ» አልኩ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ። ማጀት ድረስ ተሰምቷል መሰለኝ።

ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በአንድ እጇ መቀስ፣ በሌላው ያን ሻንጣ ይዛለች። ገባች። ከተመለስን ወዲህ ሳሎኑን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ሻንጣውን ከፍታ አባያዎቿን፣ እነዚያን ረጃጅም የዐረብ አገር ቀሚሶች፣ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው፤ ጥቁር ናቸው፣ እጅጌያቸው ላይ የብር ክር ጥልፍ ያለባቸው። ሰባት ይሆናሉ። «ዘሀራ፣ እነዚህንማ አይሆንም» አልኳት። እሷ የመጀመሪያውን አንስታ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ሸረከተችው። «ይኼን ለብሼ ስንት ሳሎን እንዳጸዳሁ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን አንድ ሰው ተቀመጪ ብሎኝ አያውቅም» አለች። ሁለተኛውን አነሳች። «አሁን እሱ ላይ ሰው ይቀመጥበት፣ በራሴ ቤት።» ከዚያ ነው ያለቀሰችው። እናቴም መጣች፣ እኔም አለቀስኩ፤ ሦስታችንም እያለቀስን እየቆረጥን ዋልን። በኋላ መርፌው ሲወጋኝ «ወይኔ» ስል ዘሀራ ሳቀችብኝና እኛም ወደ ሳቅ ገባን።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሮጠ። ዘሀራ ለካ ጎበዝ ሰፊ ነበረች። የእጅጌውን ጥልፍ እየፈታች በፍራሾቹ ጠርዝ ዞረችበት፤ ጥቁሩ ላይ የብር ክሩ ሲያበራ ቀዩን የድሮ መጅሊስ ረሳሁት። አባቴ ከጦርነቱ የቀሩትን የጥይት ቀዳዳዎች በጭቃ ደፍኖ ግድግዳውን ኖራ ቀባልን። የባጃጅ ጎማዎቹን ሁለት ሁለት አድርጌ ደራርቤ በመረቡ ገመድ ጠመጠምኳቸው፣ ከላይ ሳንቃ ጣልኩባቸው፣ የሻይ ጠረጴዛ ሆኑ። የዘይት ቆርቆሮዎቹ ኖራ ተቀብተው፣ ጤና አዳም ተተክሎባቸው ደጃፉ ላይ ተሰለፉ። ከቡትቶ የጎነጎንኩት ምንጣፍ መሀሉን ሸፈነ። በዋዜማው አባቴ ጫማውን አውልቆ ገባና መጅሊሱ ላይ ተቀመጠ። ተደገፈ። ቦታ ቀይሮ ደግሞ ተቀመጠ። «አብሽሩ፣ ይይዛል» አለን። ከአባቴ አፍ ከዚህ በላይ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ተስማምተን ነበር። እናቴ ሁላችንንም ሰብስባ «ከየት ነው ካሏችሁ ከደሴ ተገዛ በሉ። ከቆሻሻ ለቅመው ሠሩ እንዳንባል» ብላ አስጠነቀቀችን። እኔም እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም አፍሬ ነበር፤ ቁራሌው የሚለው ስም እስከ ውጫሌ እንዲሄድ አልፈለግኩም።

ኒካሁ እኛ ቤት ታሰረ። ሼኩ፣ አባቴ፣ ሰይድና ምስክሮቹ መጅሊሱ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ቢጫውን ድመት ታቅፌ ጓሮ ቆሜ በመስኮት እያየሁ። ከወንዶቹ አንድም ሰው አልሰመጠም። ዱዓው ተደርጎ እነሱ ወደ ዳሱ ሲወጡ ሴቶቹ ገቡ፣ እኔ ድመቱን እንደታቀፍኩ ከኋላ፣ እትዬ ረውዳ ከፊት። በሩ ላይ ቆም አሉ። ግድግዳውን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡና ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት። «አጃኢብ ነው። ይኼ የዱባይ ዕቃ ነው። ከየት አስመጣችሁት?» አሉ። እናቴ ዓይኗን ጣለችብኝ። ከደሴ ልል አፌን ስከፍት ያ ክፉ ድመት ከእጄ አመለጠና በሴቶቹ መሀል ሰንጥቆ ሄዶ መጋረጃው ላይ ተሰቀለ። እትዬ ረውዳ ጎንበስ ብለው መጋረጃውን ያዙ። ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ቆሌዬ ተገፈፈ።

የመለሰችው ከሴቶቹ ጋር ገብታ የተቀመጠችው ሙሽራዋ ናት። በወጋችን ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ አታወራም። ዘሀራ ግን ቀና አለች። «የዓሣ መረብ ነው፣ እትዬ። እህቴ ናት የሠራችው» አለች። «የተቀመጡበትም እኔ ሰው ቤት ስሠራ የለበስኩት አባያ ነው። ውስጡ የአባቴ ጭድ ነው። አንዱም አልተገዛም።» እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ ረውዳ ከመጋረጃው ወደ መቀመጫው ዞሩ። የአባያውን ጥልፍ ደግመው ዳሰሱት፣ አሁን ግን ቀስ ብለው። ዓይናቸው ውሃ ሞላ። በኋላ እንደሰማነው የሳቸውም ልጅ ዐረብ አገር የሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከዚያ ክንዳቸውን ዘርግተው «ነይ እስኪ ሀያት፣ ባለ ውሌ» አሉና ከጎናቸው አስቀመጡኝ። በሴቶቹ ሁሉ ፊት ሁለቱንም የተቃጠሉ እጆቼን ሳሙ። ትልቅ ሰው የልጅ እጅ ሲስም እስከዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። እልልታው ከዚያ ነው የተነሳው፤ ለሙሽራዋ ነው፣ ለእኔም ነው፣ እናቴ ነጠላዋን አውርዳ ከሁሉም በላይ ታቀልጠዋለች። ዘሀራ ከአባቷ ቤት ወጣች። አባቴ በሩ ድረስ ሸኝቷት ሲመለስ የሚራመደው ደረቱን ነፍቶ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ሰፈሩ ደጃችን ላይ ተሰለፈ። ቤቱ ያልተዘረፈ ማን አለና? አንዷ ጆንያ ይዛ፣ አንዷ የባሏን የቆየ ኮት ይዛ፣ «እስኪ አሳዪኝ» ትላለች። ጋሽ ታደገ መረብ ማቅረብ ሰለቻቸው። ቁራሌው እያሉ ሲከተሉኝ የነበሩት ልጆች ፕላስቲክ ለቅመው ያመጡልኝ ጀመር። እኔም በእናቶች መሀል ቆሜ፣ ወገቤን ይዤ፣ «ጭድ እንዲህ አይጠቀጠቅም» እላለሁ። ያን ዓመት በሐይቅ ስንት መስኮት ላይ የፕላስቲክ አበባ እንደተሰቀለ አልቆጠርኩም፤ ስንት ድመት እንደተደሰተም።

ያ መጅሊስ ዛሬ የለም። ጭዱ እየደቀቀ ሄደ፣ ኑሮም ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ አባቴ ሌላ ገዛ። ዘሀራ ውጫሌ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ ሳሎኗ ያማረ ነው፣ ራሷ ናት የምትቀመጥበት። እኔም ደሴ የራሴን ቤት አደራጅቻለሁ። ሶፋው ከሱቅ ነው፣ መጋረጃው ከሱቅ ነው፣ ምንም የሚሸት ነገር የለበትም፣ ድመትም ዞር ብሎ አያየውም። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አላማርርም፤ ያን ጊዜ ይመለስ የሚል ካለም ጦርነቱን ያላየ ነው። ግን አሁን ቤቴ የሚገባ እንግዳ ሶፋውን ዳሰስ አድርጎ የሚጠይቀኝ ስንት እንደገዛሁት ነው። ያን ቀን እኛ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ሲወጣ የጠየቀው ማን እንደሠራው ነበር፤ መልሱም እኔ ነበርኩ።